ቱርቦ ያማራት ቮልስ

የቮልስ ባለቤት የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቱርቦ ያምረዋል። አምሮቱ የሚነሳበት ቦታም ይታወቃል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ነው። ባለቤትዬው ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ወርዷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርድበት ማርሽ የለም። ከኋላው ሚኒባስ ታክሲ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ረዳቱ ደግሞ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ወርደን እንግፋልዎት እንዴ?» ይላል። ጋሼም የሰሙ ሳይመስሉ መሪውን ጨብጠው ወደፊት ያያሉ። በልባቸው ግን ቱርቦ የት እንደሚገኝና ማን እንደሚገጥመው ማሰላሰል ጀምረዋል።

እውነቱን ለመናገር ቮልስ ለሩጫ አልተፈጠረችም። ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲነድፋት የታሰበው ተራው ጀርመናዊ ቤተሰቡን ጭኖ የሚሄድባትን፣ ለመግዛትም ለመጠገንም የማትከብድ መኪና ማግኘት ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በሁለት ግራና ቀኝ ተጋድመው ይተያያሉ። ራዲያተር የላትም፤ ውሃ የሚባል ነገር ወደ ሞተሯ አይደርስም። በቺንጋ የሚዞር ቬንትሌተር አየር እየሳበ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል፤ ሁለት ሊትር ተኩል የሚሆን ዘይት ደግሞ ማለስለሱንም ማቀዝቀዙንም አብሮ ይሠራል። በቃ። በዚህ ቀላል ብልሃት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተዋል።

ከነዚህ መካከል ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት እስከ ዛሬ የሚሠሩ አሉ። ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። ሞተራቸው ስንቴ እንደወረደ፣ ፋሻቸው ስንቴ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው የለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ክብር ተጨመረላቸው። አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ቀድሞ የገባ መኪና ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። ትናንት «ይቺን ቆርቆሮ መቼ ነው የምትሸጣት?» ይባል የነበረው ሰው ዛሬ «ስንት ትላታለህ?» ይባላል።

ዋጋዋ ሰማይ ነካ እንጂ ጉልበቷ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙ ከተሠሩት አንዷ የ1,192 ሲሲዋ ስትሆን፣ በፋብሪካው ሰነድ ላይ የተጻፈላት ጉልበት 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ቤንዚን በሚስበው አየር ልክ ነው። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ከ34ቱ ፈረሶች አዲስ አበባ የደረሱት 26 ያህሉ ናቸው ማለት ነው። ስምንቱ ከመርከብ እንደወረዱ አሰብ ወደብ ላይ ቀርተዋል። ጉምሩክ አልያዛቸውም፤ ዳገቱን አይተው ነው የተመለሱት።

እንግዲህ ጋሼ እንጦጦ ላይ የተመኙት ነገር እንደሚመስለው የቅብጠት አይደለም። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ገና በልጅነቱ ለከፍታ መድኃኒት ሆኖ ተገኝቷል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ በማርሚታ በኩል እንዲሁ የሚባክነው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዙር፣ እሷ በሌላ ጫፏ አየር እየጨመቀች ወደ ሞተሩ ትግፋ። ጭሱ የራሱን ምትክ አየር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ አወጣው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ። የራስ ደጀንን ከፍታ ለሚያውቅ ሰው ፓይክስ ፒክ ብዙ አይገርምም፤ ቁጥሩ ግን ያጓጓል።

የቮልስ ዘመዶችም ይህን አምሮት ያውቁታል። ፖርሽ በሚለው ስም የተጠራችው የመጀመሪያዋ መኪና፣ 356፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ስትወለድ ሞተሯን ከቮልስ ነው የወረሰችው። ካርማን ጊያም ቆንጆ ልብስ የለበሰች ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣችው ፖርሽ 914 ሁለት ሰው የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ስፖርት መኪና ስትሆን፣ ከመቀመጫው ኋላ የተቀመጠው ግን ያው አራት ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የቮልስዋገን ሞተር ነበር፤ 1.7 ሊትር፣ 80 የፈረስ ጉልበት። መልኳ የሚያስፈራ፣ ጉልበቷ የሚያሳፍር። የእንዲህ ዓይነት መኪና ባለቤት ከመብራት ተነስቶ በቤተሰብ መኪና ሲቀደም የሚሰማው ነገር ጋሼ እንጦጦ ላይ ከሚሰማቸው አይለይም። ስለዚህ ነው በአውሮፓና በአሜሪካ በየጓሮው እስከ ዛሬ ቱርቦ የሚገጠምላት።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ጀድሰን የሚባል የፔንሲልቬንያ ድርጅት በቺንጋ እየዞረ አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ለቮልስ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ሼቭሮሌ በአየር በሚቀዘቅዘው ኮርቬር ላይ ቱርቦ ገጥሞ 150 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ፖርሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ለውድድር ያቀረባት 917/30 በአየር የምትቀዘቅዝ ባለ 12 ሲሊንደር ስትሆን፣ ሁለት ቱርቦ ተገጥሞላት 1,100 የፈረስ ጉልበት ታወጣ ነበር። ቀጥሎ ለገበያ የወጣው 911 ቱርቦ 260 ነበረው። ይህን ሁሉ ያነበበ ባለቮልስ ማስረጃውን በስልኩ ይዞ ጋራዥ ይሄዳል።

ጋራዡ ውስጥ ዕድሜያቸውን ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ መካኒክ አሉ። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። ሞተሩን የሚያውቁት በጆሮ ነው፤ ደንበኛው ገና በሩን ሳያልፍ የቱ ቫልቭ እንደላላ ይናገራሉ።

«ጋሽዬ፣ ቱርቦ ብንገጥምላትስ?» ይላል ወጣቱ ባለቮልስ።

መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን አራቅ አድርገው ያያሉ። መልሰው ይሰጡታል።

«ትንፋሽ ትጨምርላታለህ፣ እሺ። ላቧንስ ማን ይጠርግላታል?»

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ያላት መኪና የምትተነፍሰው አየር ሌላ፣ የምትቀዘቅዝበት ውሃ ሌላ ነው። ቮልስ ግን ለሁለቱም የምታምነው አየርን ብቻ ነው። ብዙ አየር ስትጨመቅላት ብዙ ቤንዚን ታቃጥላለች፤ ብዙ ስታቃጥል ብዙ ትግላለች፤ የሚያቀዘቅዛት ቬንትሌተር ግን ያው የድሮው ነው፣ አንድ ፈረስ ሲጨመር አንድ ክንፍ አይጨምርም። ቱርቦው ራሱም እሳት ላይ የተጣደ ዕቃ ነው፤ ኩሺኔታውን የሚያለሰልሰው ከዚያችው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ተካፍሎ ነው። የፖርሽ መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ 911 ቱርቦን ሲሠሩ የሞተሩን የመጭመቅ መጠን ወደ 6.5 ለ1 አወረዱት፤ ፒስተኑን፣ ዘይት ማዞሪያውን፣ ነዳጅ አሰጣጡን ሁሉ ለዚያ ብለው አዘጋጁ። ቱርቦው የመጣው ቤቱ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው። በፎቶው ላይ ያልታየውም ይኸው ነው።

በቮልስ ሞተር ላይ ደግሞ የቆየ የቤተሰብ ምስጢር አለ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ልክ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚነፍሰው አየር መንገድ ላይ ነበር። ሌሎቹ ሦስት ንጹሕ አየር ሲያገኙ እሱ ዘይቱ ያሞቀውን ትራፊ ይቀበላል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ለ1971 በተሠሩት ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ዘወር እስኪያደርገው ድረስ ብዙ ቮልስ የታመመችው በዚሁ በኩል ነው። ቱርቦ ሲገጠም መጀመሪያ የሚጮኸው ማን እንደሆነ መካኒኩ ሳይነገራቸው ያውቃሉ።

የላቡን ነገር በደንብ ለመረዳት ከአዲስ አበባ መራቅ ያስፈልጋል። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደውን መንገድ ቢያንስ በካርታ መከተል ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ያን መንገድ የሚያውቁት በአብዛኛው ሸሽተው የመጡ ሰዎች ናቸውና። አዘዞ፣ አይከል፣ ገንዳ ውሃ፣ መተማ ዮሐንስ። ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት፣ ዶካ፣ ገዳሪፍ። ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን ሾዋክ፣ ከሽም ኤል ጊርባ፣ ከዚያ ኒው ሀልፋ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ኒው ሀልፋ 450 ሜትር ገደማ። አንዲት ቮልስ ይህን ወርዳ ብትደርስ ማንም ሳይነካት ቱርቦ ተገጥሞላታል ማለት ነው። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከ34ቱ ፈረሶች 32 ያህሉ ተመልሰው ይመጣሉ። በነጻ፤ ቁልቁለት ብቻ ነው የከፈለችው።

ወዲያው ግን ፀሐይ ትወጣለች። በሚያዝያና በግንቦት በዚያ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ ወሬ አይሆንም። የሚገርመው፣ በ42 ዲግሪ የሚነደው የኒው ሀልፋ አየር እንኳ ከአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ይልቅ ወፍራም ነው፤ ትንፋሹ አሁንም ይሻላል። ችግሩ ላቡ ነው። ደጋው ቀዝቃዛ አየር በቁንጥር ይሰጣል፤ ቆላው በገፍ ይሰጣል፣ የፈላውን። ቮልሷ ለአዲስ አበባ ስስ አየር ተብሎ የቤንዚኗ ቀዳዳ ጠቦ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በወፍራሙ አየር ውስጥ ያ ቤንዚን ያንሳታል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከልኩ በላይ ይግላል። ብዙ ሰው ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ የሚደክም እንጂ የሚነድ አይመስለውም፤ ቴስታታው ሲሰነጠቅ ነው የሚያምነው።

በዚህ ላይ ቱርቦ ቢጨመርስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ ያውቀዋል። 42 ዲግሪ የሆነ አየር ግፊቱ በግማሽ ያህል ጨምሮ ከተለመደ ቱርቦ ሲወጣ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል። ቤንዚን እንዲህ ባለ አየር ውስጥ የካንዴላውን ብልጭታ አይጠብቅም፤ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ያን ማንኳኳት ችላ ያለ ባለቤት ፒስተኑን ተበስቶ ያገኘዋል። ከመተማ ሰሊጥ ጭነው ወደ ጎንደር የሚወጡት የናፍጣ መኪኖች ቱርቦ የሚስማማቸው ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ብቻ ስለሚጨምቁና ናፍጣው በመጨረሻው ሰዓት ስለሚረጭላቸው ነው፤ ከዚያም በላይ ውሃቸውን በራዲያተር ተሸክመው ነው የሚሄዱት።

ስለ ውሃ ከተነሳ ኒው ሀልፋ ራሷ የውሃ ልጅ ናት። የአስዋን ግድብ የናይልን ውሃ ወደ ኋላ ሲመልስ ዋዲ ሀልፋ የተባለችው የኑብያውያን ከተማ ሰጠመች። ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በባቡር ተጭነው ወደዚህ ሜዳ መጡ። ለእነሱ ተብሎ የአትባራ ወንዝ ከሽም ኤል ጊርባ ላይ ተገደበ፤ ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ተዘራ። ያ አትባራ ደግሞ ከላይ ስሙ ጓንግ ነው፤ ከጎንደር ደጋ ተነስቶ በመተማ በኩል የሚያልፈው ጓንግ። ከተከዜ ጋር ተደምሮ ሲወርድ አፈራችንንም ይዞ ስለሚወርድ ግድቡ በደለል ተሞልቶ ከሚይዘው ውሃ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ቮልሷና ወንዙ አንድ አቅጣጫ ይወርዳሉ ማለት ነው፤ እሷ ብቻ ናት በዚህ ሁሉ ውሃ መካከል አንዲት ጠብታ የማትፈልገው።

በሙቀት ብቻ ግን አትታማም። የቮልስ ወታደራዊ ወንድም የሆነው ኩቤልዋገን እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 የሊብያንና የግብፅን በረሃ ሲያቋርጥ ጉልበቱ 25 ፈረስ አይሞላም ነበር፤ ውሃ ለሰው እንኳ በጠፋበት ቦታ ውሃ አለመጠየቁ ትልቅ ሀብት ሆኖለታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ቶሚ ፍያስታድ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው በቮልስ ነው፤ ያለ ቱርቦ። ዛሬም በገዳሪፍና በኒው ሀልፋ መንገዶች ላይ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር እንደልብ ነው፤ ጎንደሬው ባጃጅ፣ ሱዳኑ ራክሻ የሚለው ባለ ሦስት እግሩ። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ትንሽ ቬንትሌተር። የራክሻ ሹፌር ቱርቦ አያምረውም። እሱን የሚያምረው ጥላ ነው፤ ቀትር ላይ የኒም ዛፍ ሥር አቁሞ ሻዩን ይጠጣል፣ ሞተሩም አብሮ ያርፋል።

ወጣቱ ባለቮልስ ይህን ሁሉ ሰምቶም ላይመለስ ይችላል። አምሮት ነውና። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሆን መንገድም አለ፤ የሞተሩን የመጭመቅ መጠን ማውረድ፣ ቱርቦው በትንሹ ብቻ እንዲገፋ ማሰር፣ የራሱ ቬንትሌተር ያለው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ መግጠም፣ የቴስታታውን ሙቀት የሚያሳይ ቆጣሪ ፊት ለፊት ማኖር። አንዳንዶች ደግሞ ወደሚገባው አየር ውሃና ሜታኖል የተባለ አልኮል ደባልቀው ይረጩበታል፤ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ጄትፋየር በተባለች መኪናው ላይ ይህን ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ገዢዎች ግን ፈሳሹን መሙላት እየረሱ አስቸገሩ። መካኒኩ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ይፈነዳሉ።

«ዕድሜ ልኳን ውሃ ሳትቀምስ የኖረችው በስተርጅና አረቄ ልታስጀምራት ነው?»

ከሳቁ በኋላ የራሳቸውን መድኃኒት ያወጣሉ። ከኋለኞቹ ቮልሶች የ1,600 ሲሲው ሞተር ይፈለግ ይላሉ፤ በፋብሪካው ልክ 50 የፈረስ ጉልበት። አዲስ አበባ ሩቡን ብትወስድበት 37 ይተርፋል። አሰብ የቀሩት ስምንቱ ተመለሱ፣ ሦስት ጓደኛም ይዘው መጡ። የዘይት ማቀዝቀዣውም ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ዞር ብሎ የተሠራ ነው። ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል፣ ብልጭታውን በልኩ ማስቀደም፣ የቫልቩን ክፍተት መጠበቅ፤ ቱርቦ የለም፣ ሜታኖል የለም።

ወጣቱ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። በጋራዡ በር በኩል አንድ አይዲ 4 ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። ቮልስዋገን ነው፤ ከቻይና የመጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመኪና ኢንዱስትሪ ለማቋቋም ስምምነት ሲፈራረም ብዙ ሰው የጠበቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ አበባን ያጥለቀለቃት ኤሌክትሪኩ ሆነ። ይህ መኪና አየር አይተነፍስም። እንጦጦም ኒው ሀልፋም ለጉልበቱ አንድ ነው፤ አሰብ ላይ የሚቀር ፈረስ የለውም።

«ይኸውልህ፣ ላብም የለው» ይላል ወጣቱ።

«ማን አለህ? ባትሪው በፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዘው» ይላሉ መካኒኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ ሰው ይህን ከየት እንዳወቁት እንጃ። «ቮልስዋገን ብሎ ውሃ ጠጪ!»

ወጣቱ ተስፋ አልቆረጠም። ስልኩን እንደገና ያወጣል። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት የድሮ ቮልስ ወስዶ ሞተሯን አውጥቶ የኤሌክትሪክ ገጠመላት፤ 60 ኪሎ ዋት፣ 82 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ቱርቦው ይቅር፣ ይቺን እንሥራ ይላል። ባትሪውን ከተጋጨ መኪና እናገኛለን፤ ከፊት ኮፈኑ ሥር እናስቀምጠዋለን፤ ወንበሩን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን።

መካኒኩ ዝም ብለው ይሰሙታል። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ቺንጋዋን ይጫኑና ይለቋታል።

«እሱ እስኪመጣ» ይላሉ፣ «21 ቁልፍ አቀብለኝ። ይቺ ላልታለች።»